የጌታሁን ግንድ

ዓርብ

ቧንቧው ተሰነጠቀ። ጠዋቱን ሙሉ በእሳት እያጋልኩ ሳጎብጠው ቆይቼ፣ ሊሆንልኝ ሲል መሐሉ ላይ ጧ አለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቧንቧ እንደማይለቀስ አውቃለሁ። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙሉ አዩኝና ከጓሮ ወፈር ያለውን አመጡልኝ። «ጭሱ ገብቶብሽ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው።

የምሠራው የግንድ መጎተቻ ነው። ሁለት የጋሪ ጎማ፣ በላያቸው «በ» ፊደልን የመሰለ ብረት፣ ከብረቱ ወደ ፊት የሚወጣ ረጅም እጀታ። እጀታውን ወደ ላይ ሲያነሱት ብረቱ ወደ ግንዱ ያጎነብሳል፤ ያኔ ግንዱ በሰንሰለት ይታሰራል። እጀታውን ወደ መሬት ሲጫኑት የግንዱ ራስ ብድግ ይላል፤ ጅራቱ እየተጎተተ ይከተላል። የማንም ሰው ትከሻ ላይ አያርፍም።

ወንድሜ ጌታሁን ከጥምቀት በፊት የሞተው ግንድ ተሸክሞ ነው። ቤት እየሠራ ነበር። ከዳባት በላይ ካለው የአባዬ ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከፊት የነበረው እሱ አዳለጠው። ግንዱ ደረቱ ላይ አረፈ። የቆረጣቸው ግንዶች እስካሁን እዚያው ተጋድመዋል። የቤቱ ግድግዳ እንጨት ብቻ ቆሟል፤ የመሐል ምሰሶ የለው፣ ጣሪያ የለው። ሚስቱ ስመኝ ልጆቿን ይዛ ሰው ቤት ተጠግታለች። ክረምት ሳይገባ ቤቱ መከደን አለበት። ግን ከእንግዲህ ግንድ ሊሸከም የሚደፍር የለም። አልፈርድባቸውም።

ቅዳሜ

ተበየደ! አስቀያሚ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው። ከደባርቅ ገበያ የሚመለስ አይሱዙ ላይ ጫንኩት። ሾፌሩ «የሠርግ ዳስ ነው እንዴ?» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ።

አባዬ ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ዙሪያውን ዞሩት። ጎማውን በዱላቸው ነካ አደረጉት።

«ልጄ ሳለ የት ነበር ይሄ?» አሉና ገቡ።

ምን ብዬ እመልሳለሁ? እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ያወቅኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። የሌላ አገር ገበሬ ብቻውን ግንድ ሲጎትት ስልኬ ላይ አይቼ። ቪዲዮውን መጨረስ አልቻልኩም ነበር።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አባዬ ስመኝን አላናገሯትም። ከተስካሩ ወዲህ እንዲሁ ናቸው። «ቤት ቤት እያለች አጣድፋ ገደለችው» ይላሉ፤ እሷም ሰምታለች። ከስታለች። ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ ቆማ ነበር።

ስንወጣ እጄን ያዘችኝ። «እታለም፣ ይሠራል?»

«እንጃ።»

እውነቱን ነው የነገርኳት። ሙሉ ግንድ ሞክሬበት አላውቅም።

ሰኞ

አያሌው መጣ። ያን ቀን ከጌታሁን ኋላ ተሸክሞ የነበረው ጎረቤታችን ነው። ሳልጠራው መጣ።

መጀመሪያ ሰንሰለቱ ተንሸራተተ። ቀጥሎ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ወጣና ብረቱ ተገለበጠ። ሰው አልነካም። ተውኩት ብዬ ተቀመጥኩ። አያሌው የመንገዱን ድንጋይ ይለቅም ጀመር። ተነሣሁ። ሰንሰለቱን ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ ወደ ግንዱ ራስ አስጠጋሁት።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ግንድ ወረደ። እንደ ለመደ በሬ ዝግ ብሎ። ታች ስንደርስ አያሌው እጀታውን አስቀምጦ ትከሻውን ደባበሰ። «ባዶ ነው» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ማክሰኞ

አንድ ብቻ ሲቀር ሁሉም ወረዱ። የቀረው ያ ነው። በወደቀበት አለ። በሥሩ ሣር በቅሎበታል። አያሌው ሰንሰለቱን ይዞ ቆመ፤ እኔም ቆምኩ።

አባዬ መጡ። «እሱ ይቃጠላል። ልጄን የገደለ እንጨት ቤት አይሆንም።»

ስመኝ ከኋላችን ነበረች። ለእሳቸው ስትመልስ የሰማሁት ዛሬ ነው።

«አባቴ፣ ይሄን ዛፍ የመረጠው እሱ ነው። ለመሐል ምሰሶ ብሎ አቅፎ ነው የለካው። ካቃጠልነው የእሱ ምን ይቀረኛል?»

አባዬ ዱላቸውን ተደግፈው ወረዱ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ማንን ልያዝ?

ረቡዕ

አወረድነው። ስመኝ እጀታውን ከእኔ ጋር ካልያዝኩ አለች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቆመች። «እዚህ ነው?» አያሌው ራሱን ነቀነቀ። ለካ ቦታውን አይታው አታውቅም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ቸኩይ ያላት አልነበረም። በኋላ «እንዲህ ቁልቁለት መሆኑን አልነገረኝም» አለች፤ ዐይኗን ጠርጋ ተነሣች።

ግንዱን ከቤቱ ፊት አሳረፍነው። ሰንሰለቱን እየፈታሁ ቀና ስል አባዬ መጥረቢያ ይዘው ይመጣሉ። አያሌው ከፊታቸው ሊቆም ሄደ። በእጃቸው ገለል አደረጉት። ከግንዱ ሥር ተንበረከኩ፤ መዳፋቸውን አሳረፉበት። ከዚያ ቅርፊቱን ይልጡ ጀመር።

«ካልተላጠ ምስጥ ይበላዋል» አሉ፣ ማናችንንም ሳያዩ።

ስመኝ ውኃ አመጣችላቸው። ተቀብለው ጠጡ፤ ጣሳውን በሁለት እጃቸው መለሱላት። ተባረኪም አላሉ፣ ክፉም አልተናገሩ። ይሄን ስጽፍ እሷ ግንዱ እንዳይንከባለል በሁለት እጇ ደግፋ ይዛዋለች፤ እሳቸው ይልጣሉ።