በአባትሽ ጆሮ የተናገርኩት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ግንቦት 6

የኔ ልጅ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ደብዳቤ ስታገኚ ከመጨረሻው እንደምትጀምሪ አውቃለሁ፤ ይሄንን ግን እባክሽ ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። ያልደወልኩልሽ አባትሽ ከቤት ስለማይወጣ፣ ጆሮውም ከበር ስለማይርቅ ነው። ጽፌ ስጨርስ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ወረቀቱን እቀደዋለሁ።

ሥራዬ እንደ ድሮው ነው። ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት ሦስት በሽተኛ ለቀዶ ጥገና አስተኛለሁ፣ አስነሣለሁ። ሰው ማደንዘዝ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። አሁን ግን መጠኑን ሁለቴ ሳልለካ መርፌ አልወጋም።

ባለፈው ወር ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለ የምርምር ክፍል ፈቃደኛ ሰዎች ፈልጎ ነበር። ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሰዎች ብርሃን አየን፣ የሞተ ዘመድ አገኘን ይሉ የለ? እነዚህ ደግሞ ያንኑ በመድኃኒት ያመጡታል። ሰውየው ሳይሞት የሞተ ያህል ይሆንና፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ያየውን ይናገራል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይገባል። አባትሽ ማስታወቂያውን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ብቻ ተመዝግቦ መጣ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ወንድምሽ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አባትሽ ግን እስካሁን ወርክሾፑ ውስጥ ብቻውን አንድ የብረት በር እንኳ መሥራት አቅቶታል።

አብሬው ሄድኩ። መጋረጃው የተዘጋ፣ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ወጣቱ ዶክተር «እማማ፣ መቀመጥ ይችላሉ፤ ድምፅ ማሰማት ግን ክልክል ነው» አለኝ። እማማ መባሉ ቢያናድደኝም ተቀመጥኩ። መድኃኒቱን በክንዱ ሰጡት። የአባትሽ ዓይኖች እንደተከፈቱ ነበሩ፣ እሱ ግን ውስጣቸው አልነበረም። ከዚያ ትንፋሹ መራራቅ ጀመረ። አንዴ ተነፈሰ፣ ጠበቅኩ፣ አሁንም ጠበቅኩ። ዶክተሩ መሣሪያውን አይቶ በእጁ ደህና ነው የሚል ምልክት ሰጠኝና ፊቱን መለሰ። እኔ የማየው መሣሪያ ሳይሆን ከንፈር ነው። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

በሽተኛ መንቃት ሲዘገይብኝ በመዝገብ ስሙ አልጠራውም። ቤተሰቡ በምን እንደሚጠራው አስቀድሜ እጠይቅና ያንን ጆሮው ላይ እላለሁ። ሰው ለዚያ ይመለሳል። ያን ዕለት ፍርሃቴ ሐሳቤን ቀደመው። ጎንበስ ብዬ፣ ድምፄን አጥፍቼ፣ «አለቃ፣ ና። እዚህ ነኝ፣ ና» አልኩት።

አለቃ የሚለው ማን እንደነበር ታውቂያለሽ። ወንድምሽ ብቻ ነው፤ ወርክሾፕ አብረው ሲውሉ በሹፈት የጀመረው።

አባትሽ በረጅሙ ተነፈሰና ነቃ። «ልጄ ጠራኝ» አለ እያለቀሰ። «አለቃ፣ ና አለኝ።» ዶክተሩ ጻፈ። የጠራሁት እኔ ነኝ ብዬ አላረምኩትም። ወደዚህ የጠራሁትን ሰው ከወዲያ የጠሩት መሰለው።

ከዚያ ወዲህ አባትሽ ይስቃል፣ ይበላል፣ ጢሙን ይላጫል። የወርክሾፑን ቁልፍ ለጎረቤታችን ለብየዳ ሠራተኛው ሰጠው። ደስታው ያስፈራኛል። ሁለተኛው ተራው ሐሙስ ነው። ሲመዘገብ ደግሞ የልብ ሕመሙን ደብቆ፣ የለብኝም ብሎ ፈርሟል። በሙያዬ ነው የምነግርሽ፣ ያ ልብ ይሄን መድኃኒት ዳግመኛ ላይችለው ይችላል። ለዶክተሩ አንድ ቃል ብናገር ይሰርዙታል። ስልኩን አምስት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ትናንት ምሳ ላይ እውነቱን ልንገረው ብዬ ቆረጥኩ።

«ያን ቀን የጠራሁህ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳህኑን ገፋ አደረገ። «አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«የስንት ዓመት ሚስቴ ድምፅ ይጠፋኛል እንዴ? እዚያው እያለሁ ነው ያወቅኩሽ።»

«ታዲያ ልጄ ጠራኝ ያልከው?»

«አንቺን እንዳያስወጡሽ ብዬ ነው። ደግሞ... ጮክ ብዬ ስናገረው እውነት የሚሆን መስሎኝ።»

ምን እንዳየ ጠየቅኩት። ጨለማ አይደለም አለ። በር የመሰለ ነገር ነበረ፣ ከጀርባው ሰው የቆመ ይመስላል። እጁን ሊዘረጋ ሲል ነው የጠራሁት። ማን እንደሆነ ሳያይ ተመለሰ።

እጄን ያዘኝ። «ሐሙስ አትጥሪኝ። ከንፈሬ ቢጠቁርም፣ ምንም ቢሆን፣ ዝም በይ።»

«እሺ» አልኩት።

ልጄ፣ ዋሽቼው ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የሚያስፈራኝ ግን ያልዋሸሁት እንደሆነ ነው። ስልኩን አምስት ጊዜ ያስቀመጥኩት ለአባትሽ አዝኜ ብቻ ይመስልሻል? እኔም ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይሄን ለራሴም ያልኩት ዛሬ ነው።

የዶክተሩን ቁጥር ከወረቀቱ ግርጌ ጽፌልሻለሁ። ነገ ሳይመሽ ደውዪለትና የልቡን ነገር ንገሪው። እናቴ ትነግረዋለች ብለሽ እኔ ላይ አትተማመኚ።

እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከድንጋጤ ይሰውርልኝ። ዕድሜሽ ከሁላችንም ይርዘም።

የምትወድሽና የምትፈራ
እናትሽ