የኋለኛው ፉርጎ በር

ውድ ሶይቺሮ፣

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በንዴት፣ ቀጥሎ በጥሞና። «የዚያን ቀን መጥቼ ነበር፤ በሩ አልከፈት አለኝ» ትላለህ። አሁን ደግሞ «በመጋቢት ልምጣ ወይ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ለሌላ ሰው ባወራው ይስቃል። እኔ ግን መምጣትህን አምኛለሁ።

ኩኑጊዛካ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ የለም፣ ጠባቂም የለም፤ በረዶ ጠራጊዎቹም እኛው ነን። ነጂው ብቻውን ስለሚሠራ የሚከፍተው የፊተኛውን ፉርጎ በር ብቻ ነው። ይህን እዚህ ያደገ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንተ ግን ሁሉም በር በአንድ ጊዜ በሚከፈትበት ከተማ አደግህ። አስቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ረሳሁት። ጥፋቴ ይህ ብቻ ነው።

ከዓመት በፊት፣ የዚያን ቀን ጠዋት አባቴ አካፋውን ይዞ የጣቢያውን መድረክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረገ። ወገቡን እንደሚያመው ታውቃለህ።

«አባዬ፣ እዚያ ጋ ማን ይወርዳል ብለህ ነው?» አልኩት።

«እንግዳ ነው የሚመጣው። ግማሹን በረዶ እንደዋጠው ቢያይ ምን ይለናል?»

ጎረቤታችን እማማ ፉሚ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ተይው ልጄ። አማች ሳይሆን ንጉሥ የሚቀበል መስሎታል።»

ባቡሩ መጣ፣ ቆመ፣ ማንም አልወረደም። መስኮቱ ሁሉ በእንፋሎት ደብዝዞ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሄደ። አባቴ «በሚቀጥለው ይሆናል» አለ። የሚቀጥለው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነበር፤ እሱንም ቆመን ጠበቅን። ለአንተ የተጠበሰውን የወንዝ ዓሣ በመጨረሻ እማማ ፉሚ በሉት። «ዓሣው ምን አጠፋ?» ብለው።

ሰፈሩ ለአንድ ወር «የማዶካ እጮኛ ባቡር ውስጥ ቀለጠ» እያለ ተሳለቀብኝ። እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት አንተ ለጓደኞቻችን ያወራኸውን ነው። ለእነሱ ስለ በር አላነሳህም፤ «ገጠር ልትቀብረኝ ነበር፤ አመለጥኩ» ነው ያልካቸው። ይህን አንድ ዓመት ሙሉ አልሰማችም ብለህ አስበህ ነበር?

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት የአቶ ኦይካዋን ባቡር ተሳፈርኩ። አንተ የመጣህ ቀን የነዱት እሳቸው ነበሩ። መጨረሻው ጣቢያ ላይ ጠየቅኳቸው።

«አስታውሳለሁ እንጂ» አሉኝ። «ነጭ ሻርፕ ያደረገ ልጅ። የኋለኛውን ፉርጎ በር መክፈቻ ይጫናል፣ ይጫናል። በዚያው ፉርጎ ድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ‹ወደ ፊት ይምጡ› አልኩት። ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተመልሶ ቁጭ አለ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠበቅኩት። ስለዚያች ደቂቃ ለአለቆቼ ማብራሪያ ጽፌያለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«ምን ብዬ ልጄ? አባትሽ አካፋውን ይዞ ቆሞ እያየሁት?»

ስመለስ ባቡሩ ኩኑጊዛካ ሲቆም አንተ ከነበርክበት ተነሥቼ ወደ ፊት ሄድኩ። የከብት መድኃኒት ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ ሳልሮጥ፣ አርባ አንድ እርምጃ ነው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሶይቺሮ፣ በሩ ተከፍቶልህ ነበር። ያን ደቂቃ ሙሉ ተከፍቶ ብርድ ሲያስገባ ነበር። እኔ በዚያ በር ፊት ነበር የቆምኩት።

ስለዚህ አትምጣ። ይህን የምልህ እያለቀስኩ እንዳይመስልህ። በሦስት ሸለቆ ያሉ ከብቶች የእኔ ታካሚዎች ናቸው። መጀመሪያ «ይቺ ቀጭን ልጅ በሬ ልትይዝ?» ያሉኝ ገበሬዎች ዛሬ ላማቸው ስታስነጥስ ይደውሉልኛል። ከሥራ ስመለስ አባቴ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ትኩስ ሻይ ይዞ ይጠብቀኛል፤ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን። ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አባቴ ካንተ በኋላም በረዶ በጣለ ቁጥር መድረኩን እስከ ጫፍ ሲጠርግ ከረመ። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት የፊተኛውን በር ቦታ አልፎ ሊቀጥል ሲል አካፋውን ያዝኩበት።

«አባዬ፣ እስከዚህ ይበቃል።»

ጫፉን አየ፣ እኔን አየ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሰይ» አለ ወገቡን እያሸ። «ያ ጫፍ ሊገድለኝ ነበር።»

ደህና ሁን፤ በየሄድክበት ወደ ፊት መሄድን ልመድ።

ማዶካ
ከኩኑጊዛካ