ያንተን ቁጣ የሌላ እናት ልጅ ሰማው

ልጄ አቤኔዘር፣ ጌታ እዚያ ሜልበርን ከደጅህ አይራቅ። ብቆጣም መመረቄን አልተውም። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው። እዚህ ኪሊማኒ ሰፈራችን የውሃው ፓምፕ ተበላሽቶ ፉንዲው፣ ጠጋኙ፣ ነገ ነገ እያለ አራት ቀን ሆነን።

መጠጥ ለመተው በኢንተርኔት የምትከታተለው ፕሮግራም የቤተሰብ ቀን አለው፣ ግቢልኝ ብለህ የለመንኸኝ አንተ ነህ። ቅዳሜ ጠዋት የቤተክርስቲያን ቀሚሴን ለብሼ፣ እህትህ ማዕዶት ዙሙን ከፍታልኝ ተቀመጥኩ። ሁሉም ገባ፤ አንተ ቀረህ። አስተባባሪዋ፣ "እናቴ፣ ምን ሊሉት ነበር?" ብትለኝ፣ "ልቆጣው ነበር" አልኳት።

ያኔ ከናንተው አንዱ፣ ታዴዎስ የሚባለው ልጅ፣ "እኔ እናቴ ሞታለች፤ ለእሱ ያሰቡትን እኔን ይቆጡኝ" አለ። ተቆጣሁት። ስለ ዋሸኸኝ ሁሉ፣ በማዕዶት ሠርግ ሰክረህ በሰው ፊት ስለ መውደቅህ፣ አንድም ሳላስቀር ተቆጣሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና አለቀሰ። ሲጨርስ፣ "ዛሬ አልጠጣም፣ እማማ" አለኝ። የወለድኩት ልጅ ግን ስልኩን ዘግቶ ነበር።

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ለታዴዎስ ስጸልይ ያንተ ስም እየቀደመ ያስቸግረኛል።

የፊታችን ቅዳሜም ቤተሰብ ይገባል ብለውናል። እባክህ ልጄ፣ ጠጥተህም ቢሆን ግባ፤ ፊትህን ልየው። ጌታ በሄድክበት ይቅደምልህ።

እናትህ ሙሉነሽ