ወፍጮ ሲወቅሩ የኖሩት የአቶ ወልደ ሰንበት ገብረ ሕይወት የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደ ሰንበት ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ሕይወት አካለ ወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀብትነሽ ፋንታ በ1930 ዓ.ም. በደብረ ወርቅ ተወለዱ። ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ቢገቡም አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩና በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ትምህርቱን ትተው ቢቸና ገቡ። በዚያም ወፍጮ መውቀር ተማሩ፤ የደነዘዘውን የወፍጮ ድንጋይ አጋድመው በመዶሻና በመሮ እየጠረቡ ስለት ማውጣት ሥራቸው ሆነ።

በ1955 ዓ.ም. ወይዘሮ ባንቺዓለምን አግብተው ወልደ ኪዳንን፣ ወለተ ሐናንና ውበቴን ወለዱ። ኑሯቸው ሞጣ ቢሆንም ከሳምንቱ እቤታቸው የሚያድሩት ሁለቱን ቀን ነበር፤ የቀረውን ቢቸናና ጉንደ ወይን በጭነት መኪና ላይ ሲመላለሱ ያሳልፉታል። በ1974 ዓ.ም. ለበኩር ልጃቸው ለወልደ ኪዳን መሮውን ራሳቸው አስያዙት።

አሥራ ሁለት ዓመት አብረዋቸው የወቀሩት የሞጣው አቶ አብዱሰመድ እየሳሉ ከሱ። የሳንባ ነቀርሳ መርፌ ቢወጉም አልተሻላቸውም፤ በ1975 ዓ.ም. አረፉ። ከቀብሩ ሲመለሱ አቶ ወልደ ሰንበት አንዲቱን ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ ቆሙ። በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ሄደው ራጅ ተነሡ። ያያቸው ሐኪም ሥራቸውን ጠይቆ፣ «አባቴ፣ ይህ ነቀርሳ አይደለም። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባዎ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚያወጣው መድኃኒት የለም» አላቸው።

«ገና አንድ ዓመት የሠራስ?» ብለው ጠየቁ።

«ዛሬውኑ ይተው። መተው የማይችልም ድንጋዩን በውኃ ያርስ፣ መስኮት ይክፈት፣ አፍንጫውን ይሸፍን።»

ሞጣ እንደደረሱ እቤት ሳይገቡ ወፍጮ ቤት ሄደው የልጃቸውን መሮ ከእጁ ተቀበሉት። ወልደ ኪዳን «ባስተማሩኝ ሥራ ልኑርበት እንጂ፣ ምን በደልሁ?» ቢል «የበደልሁስ እኔ ነኝ» አሉት። ልጁ ተቆጥቶ ደጀን ሄደና የመኪና ረዳት ሆነ፤ አራት ዓመት ደብዳቤ እንኳ አልጻፈም።

ከዚያ ወዲያ አቶ ወልደ ሰንበት አላረፉም። ከወፍጮ ወደ ወፍጮ እየዞሩ ወቃሪዎቹን ውኃ አርከፍክፉበት ቢሉ፣ ብዙዎቹ እርጥብ ድንጋይ መሮ ያንሸራትታል ብለው ሳቁባቸው። የቢቸናው የኅብረት ሥራ ወፍጮ መስኮቱ በጭቃ ተደፍኖ ነበርና እንዲከፈት ሦስት ጊዜ አመለከቱ። ሊቀ መንበሩ «ያለ ስብሰባ ውሳኔ የሕዝብ ግድግዳ አይነካም» አሉ፤ ስብሰባው ግን ሁለት ፋሲካ አለፈው። በ1977 ዓ.ም. በአንድ የገበያ ቀን አቶ ወልደ ሰንበት በገዛ መዶሻቸው ጭቃውን አፈረሱት። አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ስንቅ ያመጡላቸው ባለቤታቸው «ምናለ አርፈው ቢቀመጡ?» ሲሏቸው «ስቀመጥማ ትንፋሹ አልመጣ አለኝ» አሉ። መስኮቱ ተመልሶ ሊደፈን ሲል ለማስፈጨት የመጡት ሴቶች እህላችንን ይዘን እንሄዳለን በማለታቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በጀርባቸው መተኛት ተሳናቸው። ወልደ ኪዳን ይህን ሰምቶ ከደጀን መጣ። ስለ መሮው አልተነጋገሩም። ልጁ ቀን ከሌት ደግፎ ሲያስቀምጣቸው፣ እርሳቸው ጆሯቸውን ከደረቱ አስጠግተው ትንፋሹን ያዳምጡ ነበር፤ ጥርት ብሎ ሲሰማቸው ፊታቸው ይፈታል።

አቶ ወልደ ሰንበት የካቲት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ማለዳ በልጃቸው እቅፍ እንዳሉ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተውልናል።

በዚህ ዓለም ዕረፍት ያጣችውን ነፍሳቸውን አምላክ በቅዱሳኑ ማደሪያ ያሳርፍልን፤ በየወፍጮ ቤቱ ላሉትም ጤናውን ይስጥልን። አሜን።