ተዋናይትና ደራሲ ወይዘሮ ኮከቤ ገብረየሱስ፦ በቴአትር ያስለቀሱ፣ በቴአትር የታረቁ (1938–1982 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ኮከቤ ገብረየሱስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረየሱስ ወሰኔ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ዱባለ በኅዳር ወር 1938 ዓ.ም. በመንዝ፣ ከዘመሮ ወጣ ባለች መንደር ተወለዱ። በዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ መትቶት ስለነበር እናታቸው «ከዘንድሮ ያተረፍሁት እሷን ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

ፊደልና ዳዊት የተማሩት ከአባታቸው ደቀ መዛሙርት ጋር ነው። ዳዊቱን ቶሎ ያዙት፤ ከዳዊቱ ቀድመው ግን የደቀ መዛሙርቱን ጠባይ ያዙ። አንዱ ሲያንቀላፋ፣ ሌላው ዜማ ሲስት፣ መሪጌታም ሲቆጡ እንዴት እንደሚሆኑ አስመስለው ሲያሳዩ ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር። ዘመናዊ ትምህርታቸውን በመሐል ሜዳ ተከታትለው፣ በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የመምህርነት ሥልጠና አጠናቀው በሞላሌ ማስተማር ጀመሩ። ሒሳብ ሲያስተምሩ አንዱን ተማሪ ነጋዴ፣ ሌላውን ክርክር የማይሰለቸው ገዢ ያደርጉ ስለነበር ልጆቹ ደወል ሲደወል ይከፋቸው ነበር ይባላል።

በ1960 ዓ.ም. የመሐል ሜዳውን ልብስ ሰፊ አቶ ተገኘ ተክለጻድቅን አግብተው ወደ መሐል ሜዳ ተዛወሩ፤ ይዘንጋሽና ኪዳነ ወልድ የተባሉ ልጆችንም አፈሩ። አቶ ተገኘ ዝምተኛ ናቸው፤ የሁለቱንም ድርሻ የሚናገሩት ወይዘሮ ኮከቤ ነበሩ።

በ1968 ዓ.ም. የመሐል ሜዳ የኪነት ቡድን ሲቋቋም ወይዘሮ ኮከቤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ተዋናይና የቴአትር ጸሐፊ ሆኑ። ወሬው ዘመሮ ሲደርስ መሪጌታ «እኔ የወለድሁት መምህርት ነው፤ አዝማሪ አልወለድሁም» ብለው ደጃቸውን ዘጉባቸው። በዓል ሲደርስ የሚልኩላቸው በግ በመጣበት እግሩ ይመለስ ነበር። አገሩን ሁሉ የሚያስቁት ወይዘሮ ኮከቤ የአባታቸውን ፊት መፍታት ግን አቃታቸው። ከሰው ፊት ይስቁ እንጂ በዚህ ነገር ብዙ አልቅሰዋል።

በ1969 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፋፋም አቶ ተገኘ መርፌያቸውን ሰክተው ዘመቱ። ወይዘሮ ኮከቤም «የጌታነሽ ደጃፍ» የተባለውን ቴአትር ጻፉ። ጌታነሽ የምትባል እናት የዘማች ልጇን መርዶ ሰምታ ታለቅሳለች፤ በመጨረሻው ክፍል ግን ልጁ በሕይወት ይመለሳል። በ1970 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ እህል ተራው አጠገብ በሁለት ቋሚ ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ሰቅለው መጋረጃ አደረጉና ቴአትሩን አሳዩ። ወይዘሮ ኮከቤ ጌታነሽን ሆነው ደረታቸውን እየደቁ፣

«የብርድ አገር ልጅ ነው፣ በረሃ መች ያውቃል፣
ባናውን ዘርግቼ ዓይኔ ይጠብቃል»

ሲሉ ገበያው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። በዚያው መሐል በረዶ ወረደና ሰው ሁሉ ተበተነ። የሚመለሰውም ልጅ ከባናው ኋላ እንደቆመ ቀረ።

ከዘመሮ የመጡት ገበያተኞች ቴአትር አይተው አያውቁም። ያዩት የመሪጌታ ልጅ ደረታቸውን ሲደቁ ነው፤ ባላቸው መዝመታቸውንም ያውቃሉ። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል! በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መሪጌታ ደጅ ቆመው የአማቻቸውን መርዶ አረዱ። በእኛ አገር ኩርፊያ ከሠርግ ያስቀራል እንጂ ከለቅሶ አያስቀርም። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ ንፍሮና እንጀራ ያሸከሙትን መንደርተኛ አስከትለው መሐል ሜዳ ገቡ።

ወይዘሮ ኮከቤ የቴአትሩን ልብስ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ አባታቸው «ወይኔ ልጄን!» እያሉ ከደጃፍ ደረሱ። ወይዘሮ ኮከቤ አባታቸውን እዚህ ድረስ ያመጣቸው የተገኘ ሞት ቢሆን ነው ብለው እሪ አሉ። አባትና ልጅ ተቃቅፈው፣ አንዱ የሌላውን ለቅሶ እያየ ሲያለቅስ ቆዩ። በመጨረሻ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ፣ «ለመሆኑ መርዶው ከማን መጣ?» ብለው ጠየቁ።

«ከራሷ ነዋ!» አሉ መሪጌታ። «ትናንት ገበያ መሐል ደረቷን ስትደቃ አገር ያየው አይደል?»

«አባዬ፣ እሱማ ቴአትር ነው!»

መሪጌታ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ «እኔን የሚያህል ሽማግሌ በሌለ ሞት አስለቀስሽኝ?» አሉ።

«እኔንስ እርስዎ አላስለቀሱኝም?»

«ያ ልጅ፣ ያለቀስሽለት፣ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«በሕይወት ይመለሳል።»

«እንግዲያው ሳይመለስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

ተዋንያኑ ተጠርተው የቀረው ክፍል እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በለቀስተኛው ፊት ታየ። ልጁ ሲመለስ ለለቅሶ የመጡት ሴቶች እልል አሉ፤ ንፍሮውም በሳቅ ተበላ። መሪጌታ የልጃቸውን ግንባር ስመው መርቀው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ የተላከ በግ አልተመለሰም። አቶ ተገኘም በሐምሌ ወር በደኅና ሲመለሱ፣ ያለቀሱላቸው የዘመሮ ሰዎች መንገድ ላይ አይተዋቸው አማተቡ።

ወይዘሮ ኮከቤ ከዚያ በኋላ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻና ለዘማች ቤተሰቦች በርካታ ቴአትሮችን ጽፈው ከሞላሌ እስከ ዘመሮ አሳይተዋል። በረዶ እንኳ ቢወርድ ተመልካቹ መጨረሻውን ሳያይ እንዳይሄድ አጥብቀው ይለምኑ ነበር። መሪጌታም ይታረቁ እንጂ የልጃቸውን ሥራ በስሙ አይጠሩትም፤ ሰው ሲጠይቃቸው «መምህርት ናት» ብለው ያልፉ ነበር። ወይዘሮ ኮከቤ ይስቁበታል፤ ግን ሌላዋን ቃል ሁልጊዜ ይጠብቁ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በደብረ ብርሃን ሲታከሙ አባታቸው ከአልጋቸው አጠገብ አልተለዩም። አንድ ቀን ነርሷ የታማሚዋን ሥራ ስትጠይቅ፣ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና «ተዋናይት ናት። ቴአትርም ትጽፋለች። ልጄ ናት» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ የመሰሉት ወይዘሮ ኮከቤ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «አባዬ፣ አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ» አሏቸው።

መሪጌታም ደገሙላቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ወይዘሮ ኮከቤ ጥር 14 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ44 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ ተገኘ፣ ልጆቻቸው ይዘንጋሽና ኪዳነ ወልድ፣ አባታቸው መሪጌታ ገብረየሱስ፣ እኛም ታናናሾቻቸው እዚህ ቆመን እንሸኛቸዋለን። ሰውን ደስ ያሰኙትን እናታችንን፣ እኅታችንን፣ ልጃችንን እግዚአብሔር በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ያዘኑትን ሁሉ ያጽናና። አሜን።