ከማሽላው ሥር ያለው ሳጥን

ማክሰኞ

ዛሬም ዋሸሁ። እትዬ ዘሀራ ቢሮዬ መጥታ፣ «የሰይድ መዝገብ አንቺ ጋ አለ አይደል?» ስትለኝ፣ «የት ይሄዳል እትዬ፣ አለ» አልኳት። መርቃኝ ሄደች። ምርቃቷ ራሱ አንገበገበኝ።

ባሏ ሰይድ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። የወፍጮ ቤቱን ሒሳብ ለዓመታት የያዝኩለት እኔ ነኝ። አሁን ወንድሙ እንድሪስ «ወፍጮው የኔና የወንድሜ ነው፣ እሷ ምን አላት?» ብሎ ፍርድ ቤት አቁሟታል። ወፍጮው ሲገዛ ግን ወርቋን ሸጣ ገብታበታለች፤ ውሉ ላይ አውራ ጣቷን አሳርፋለች። ሰኞ ውሉ ካልቀረበ አለቀላት።

ውሉ ያለው ደግሞ ሮቢት፣ በአጎቴ የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከእህሉ ሥር ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ረቡዕ

በጦርነቱ፣ በዚያ የሽሽት ጊዜ ነው የደንበኞቼን ወረቀት በቆርቆሮ ሳጥን አሽጌ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ የደበቅኩት። ስንመለስ አጎቴ፣ «ሳጥንሽን አውጪ፣ እህል ልሞላበት ነው» ቢሉኝ፣ «እዚያው ይቀመጥ፣ ከቢሮዬ ይሻላል» አልኩ። ሰነፍ! ሰይድ ጤነኛ ሰው፣ ማን ወረቀት ይጠይቃል ብዬ።

ዛሬ ደግሞ እንድሪስ መጣ። «መዝገቡን ለኔ ስጪኝ፣ እሷ እንደሆነ ማንበብ አትችል።»

«ለፍርድ ቤት ነው የምሰጠው» አልኩት፣ የያዝኩት ነገር ያለ ይመስል። ሳቀ። ምን አውቆ ነው የሚስቀው? ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ

ሮቢት ሄድኩ። ነገሩን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ጉድጓዱን የዘጉት ለክፉ ቀን ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ነቀዝ ይገባበታል። እኔ ደግሞ ለአንድ ወረቀት ቀለብዎን ይክፈቱልኝ እያልኩ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ያኔ አውጪ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«የሰው ሐቅ ከሥሩ ተቀብሮ እህሉ ምን በረካ አለው? አካፋውን አምጪ» አሉ። አለቀስኩ።

ዓርብ

ጉድጓዱ ተከፍቶ አደረ፤ የታመቀው አየር ሰው ይገድላል። ጠዋት አጎቴ ኩራዝ በገመድ አወረዱ። ጠፋ፤ አየሩ ገና አልወጣም። እኔም አብሬ ጠፋሁ። ከጁምዓ ሲመለሱ ደግመው አወረዱ፤ በራ! ጎረቤት ተሰብስቦ ማሽላውን በጆንያ ሲያወጣ ዋለ።

ሳጥኑ ዝጓል። ውሉ ግን አለ። ቢጫ ሆኗል፣ እህል እህል ይሸታል፣ አሻራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አልሐምዱሊላህ።

ቅዳሜ

ለእትዬ ዘሀራ ሁሉንም ነገርኳት፣ ውሸቴንም ጭምር። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ወረቀቱን ተቀብላ አውራ ጣቷን አሻራው ላይ አሳረፈች።

«የአጎትሽ እህል ሜዳ ላይ ቀረ በይኛ።»

«አዎ።»

«ሰኞ ከፈረዱልኝ፣ እህሉ እስኪያልቅ በነፃ እፈጭላቸዋለሁ። ካልፈረዱልኝም በድንጋይ እፈጭላቸዋለሁ» አለች።

ውሉን መልሳ ሰጠችኝ፣ «አሁንስ አንቺው ጋ ይሁን» ብላ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እስካሁን ከጎኔ አልለየሁትም። ሰኞ ሩቅ መሰለኝ።