«አለሽ?» ለሚለው መስኮት

ለከተማችን ቅርስ ጥበቃና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሥራዎ ብዛት መካከል ይህችን ደብዳቤ ለማንበብ ፋታ እንደሚያገኙ ተስፋ በማድረግ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም፣ በተለይም ለአርክቴክቶችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ የእናቴም ጆሮ አሁንም ደህና ይሰማል፤ የጎዳትም እሱ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ተወልጄ ያደግሁበትን የድንጋይ ቤት ከነጎረቤቱ ከመፍረስ አድናችሁ፣ ግድግዳውን በኖራ አሳምራችሁ፣ የወለሉን ሳንቃ ወልውላችሁ «ሕያው ቅርስ» በሚል ስም ለጎብኚ ከፍታችኋል። በሕይወት ያሉትን ማስወጣት ለሥራው ግድ እንደነበር ተነግሮን ተቀብለናል። ቅሬታዎቼ ጥቂት ስለሆኑ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ሁለቱ ቤቶች በሚጋሩት ግድግዳ ላይ ሕፃን የምታሳልፍ ትንሽ መስኮት ነበረች። እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ሹክሹክታ (ሲያወሩ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚሰማቸው ነው እንዲህ የምንላቸው) በእሷ በኩል ጨው ሲያልቅ ጨው፣ ልጅ ሲያለቅስ ልጅ ይቀባበሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀድማ የነቃችው አንኳኩታ «አለሽ?» ትላለች፤ ሌላዋ «አለሁ» ትላለች፤ ቀኑ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ባለሙያዎችዎ ይህን ሲሰሙ እጅግ ተደስተው መስኮቷን በመስታወት ከደኗት፣ መብራት አበሩላት፣ ከሥሯም «የጉርብትና ባህል ማሳያ» የሚል ጽሑፍ ለጠፉላት። ጎረቤታሞቹን ግን አንዷን በከተማው ምሥራቅ፣ ሌላዋን በምዕራብ ጫፍ ፎቅ ላይ አሰፈራችኋቸው። የሁለቱም መስኮት ሰፊ ነው፤ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ እትዬ ሹክሹክታ አረፉ። ከግድግዳ ማዶ በሳላቸው ብቻ መታመማቸውን ታውቅ የነበረችው እናቴ፣ ማረፋቸውን ከቀብሩ በኋላ ከሰው ሰማች። ይህ እንኳ የመንገዱ ርቀት እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከመስኮቷ ሥር ስለተከላችኋት ቁልፍ ነው። ጎብኚ ሲጫናት ከመስታወቱ ጀርባ የአንዲት ተዋናይት ድምፅ «አለሽ?» ይላል። እናቴ ቤቷን ትይ ብዬ የወሰድኳት ዕለት ከፊታችን የነበረ ጎብኚ ተጫናት። እናቴ «አለሁ» አለች። ቀጥላም «አንቺስ?» ብላ መስታወቱን አንኳኳች። ጥበቃው በትሕትና «እማማ፣ አይነካም» አላት። እሷ ግን ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች፤ እኔም ክንዷን ይዤ አብሬያት ቆምኩ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ናት፦ ያንን ድምፅ አጥፉልን። ቤቱንም ያዙት፣ መብራቱም ይብራ። ከዚያን ዕለት ወዲህ እናቴ ጠዋት ጠዋት የፎቁን ቤት ግድግዳ ታንኳኳለች፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ደረጃ ነው።

ለሥራዎ ያለኝን የማያልቅ አድናቆት ከተወለወለው ሳንቃዎ ላይ በክብር አኑሬ፣ ጫማዬንም አውልቄ እሰናበታለሁ፤
በቅርስነት ያልተመዘገበች የአንዲት እናት ልጅ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ለጥናት የመጡት ባለሙያዎችዎ እናቴን የት መኖር እንደምትፈልግ ጠይቀዋት ነበር። «የትም ውሰዱን፣ ብቻ እሷንና እኔን አትለያዩን» አለቻቸው፤ እነሱ ግን ያኔ የመስኮቷን ስፋት እየለኩ ነበር። ጠይቆ መልስ የማይጠብቅ መሣሪያ ለመሥራት ብዙም እንዳልተቸገራችሁ አሁን ገባኝ።